ቻርጅ አልቀበል ያለ ላፕቶፕ፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ቻርጅ አልቀበል ሲል መጀመሪያ የሚወነጀለው ባትሪው ነው። «ሞቷል በቃ» ይባላል። ከዚያ ወደ ድሬዳዋው ታይዋን ገበያ መሮጥ፣ አዲስ ባትሪ መግዛት፣ ማስገጠም። ማታ ቤት ተገብቶ ሲሰካ ግን ያው በሽታ።

መብራቱ ከግድግዳ ተነስቶ ባትሪው ጋ እስኪደርስ ብዙ በር ያልፋል። ሶኬት አለ፣ ማከፋፈያ አለ፣ የቻርጀሩ ገመድ አለ፣ ቻርጀሩ ራሱ አለ፣ የላፕቶፑ መሰኪያ አለ፣ ቦርዱ አለ። ባትሪው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከግድግዳ ጀምሮ ወደ ውስጥ ቢሄድ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አምስት ሳንቲም አያስወጡም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ደጋ ያለ ሰው ብዙም የማያስበው አንድ ተጠርጣሪ አለ፤ ሙቀት። እሱ ጋ ስንደርስ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ከሁሉም በፊት፦ ባትሪው አብጧል?

ላፕቶፑን ዝጉና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ይወዛወዛል? ክዳኑ አልገጥም ይላል? ማውዙን የምታንቀሳቅሱበት ሰሌዳ ወደ ላይ ተገፍቷል ወይስ ሲጫኑት ደርቋል? ኪቦርዱ መሀል ላይ ጉብ ብሏል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ አብጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሙከራው ያበቃል። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። አትጫኑት፤ «ጋዙ ይውጣ» ብላችሁም በመርፌ አትውጉት። የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ እሳት ሊነሳበት ይችላል፤ ያንን እሳት ደግሞ በቀላሉ አታጠፉትም።

ካላበጠ እንቀጥል።

በሽታውን ለዩ

«ቻርጅ አያደርግም» የሚለው ቅሬታ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደብቀዋል።

አንደኛው፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ምንም ለውጥ የለም። መብራት አይበራም፣ የባትሪው ምልክት ላይ የመሰኪያ ሥዕል አይመጣም። ይህ ከላፕቶፑ ውጭ ያለ ችግር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሶኬት፣ ቻርጀር ወይም መሰኪያው።

ሁለተኛው፣ ላፕቶፑ ቻርጀሩን አውቆታል፣ በመብራትም ይሠራል፣ ግን ቁጥሩ አይጨምርም። ዊንዶውስ «ፕለግድ ኢን፣ ኖት ቻርጂንግ» ይላችኋል። ይህ ሙቀት፣ ሴቲንግ፣ ያልተስማማ ቻርጀር ወይም ባትሪው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ቻርጅ አድርጎ መቶ ይሞላል፣ ግን ሲነቀል ወዲያው ይሞታል። እዚህ ላይ ብቻ ነው ባትሪውን ከመጀመሪያው መጠርጠር ተገቢ የሚሆነው። የእናንተ እንደዚህ ከሆነ በቀጥታ ወደ ባትሪው ሪፖርት ውረዱ።

1. ግድግዳው

እዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩት። ከዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ ገመዱ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ ለእኛ ሶኬት ሲባል መሀል ላይ መቀየሪያ ይገባበታል። ያ መቀየሪያ ነው ቶሎ የሚላላው። ስትነኩት የሚወዛወዝ፣ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ያለው ወይም ጠርዙ የጠቆረ ከሆነ ጣሉት። ሙሉ ገመዱን በእኛ ሶኬት ልክ በተሠራ መቀየር ይሻላል፤ ከቻርጀሩ ሳጥን ጋር የሚያያዘው ጫፉ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ለብቻው ይገኛል።

«መብራቱ ደክሞ ነው» የሚል ምክንያትም ይሰማል። ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። አምፖሉ ቢደበዝዝም ቻርጀሩ ይሠራል። አደጋው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው፤ ያኔ ቮልቱ አንዴ ይዘላል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉት። ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰኩት።

2. ቻርጀሩ

እዚህ ቀስ እንበል፤ ባትሪው ሳያጠፋ የሚቀጣው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት። ሁለት ቦታ ላይ ይጎዳል፤ ከሳጥኑ የሚወጣበት አንገትና ላፕቶፑ ጋ የሚሰካው ጫፍ። ሰክታችሁ አንገቱን በትንሹ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ውስጡ ያለው ሽቦ ተቆርጧል። በናስትሮ ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ለጊዜው ያቆያል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

ቀጥሎ ጫፉን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ዴልና ኤችፒ ላይ ክቡ ጫፍ ውስጥ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ይህች መርፌ ባትሪውን የሚሞላውን ኃይል አታስተላልፍም። ሥራዋ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑንና ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ መንገር ነው። ተጣማ ወይም ተሰብራ ከሆነ ላፕቶፑ በመብራት ይሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ዴል ሲነሳ የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ያወጣል። ያንን ጽሑፍ ብዙ ሰው ሳያነብ ይዘለዋል። አንብቡት! ባትሪ ከመግዛት የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የተውሶ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ «አውትፑት» የሚለውን መስመር ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ። ቮልቱ አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ሁለቱን አባዙና ዋቱን ታገኛላችሁ፤ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር 65 ዋት ነው። 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ ላይ 45 ዋት ከሰካችሁ ሲሠራ ላይሞላ ይችላል፤ ጠፍቶ ሲያድር ግን ይሞላል። «ማታ ይሞላል፣ ቀን አይሞላም» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

መልቲሜትር ያለው ጎረቤት ካለ ሥራው ይቀላል። ቀጥታ ጅረት፣ ዲሲ ላይ አድርጉት። ጥቁሩን በጫፉ የውጭ ብረት፣ ቀዩን በውስጠኛው ግድግዳ አስነኩ። መሀል ያለችውን ቀጭን መርፌ አትንኩ፤ እሷ ላይ የምታገኙት ቁጥር ያሳስታችኋል። ቀዩና ጥቁሩ እርስ በርስ እንዳይነካኩም ተጠንቀቁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። መለኪያው 20 ላይ ከተደረገ የሌኖቮ ቻርጀር ሲለካ «1» ብቻ አሳይቶ ዝም ሊል ይችላል። ተበላሽቶ አይደለም። ብዙው የሌኖቮ ቻርጀር 20 ቮልት ስለሆነ ትንሽ ካለፈ ከመለኪያው ወሰን ውጭ ይሆናል። 200 ላይ አድርጉትና ድጋሚ ለኩ።

በታይፕ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕን ግን እንዲህ መለካት አይቻልም። እሱ መጀመሪያ ከላፕቶፑ ጋር «ስንት ቮልት ልስጥህ?» ተባብሎ ነው የሚሰጠው። ለእሱ የሚጠቅመው ሦስት ነገር ማየት ነው። የስልክ ቻርጀር ነው? አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ለላፕቶፕ አቅም የለውም። ገመዱ የስልክ ነው? ገመድ ቀይሩ። ቀዳዳው ትክክለኛው ነው? ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው አንዱ ብቻ ቻርጅ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ የመሰኪያ ወይም የመብረቅ ምልክት ያለበትን ሞክሩ።

3. የላፕቶፑ መሰኪያ

የድሬ አቧራና አሸዋ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ላፕቶፑን አጥፉ፣ በስልክ መብራት ቀዳዳውን ተመልከቱ። ቆሻሻ ካለ በደረቅ ስቲኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡ። መርፌና የብረት ነገር አይሆንም። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ያስገባል። ቻርጀሩ ሲገባ ልል ከሆነ፣ በአንድ በኩል ሲገፋ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ጃክ ተላቋል። እሱን መቀየር ብዙ ላፕቶፕ ላይ ቀላል ሥራ ነው፤ በገመድ ብቻ ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ብየዳም አያስፈልገውም።

4. ሙቀቱ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሞቃቶቹ ወራት ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ከውጭው ይብሳል። የሊቲየም ባትሪ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሲጠጋ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። ላፕቶፑ ይህን ስለሚያውቅ ራሱ ያቆመዋል። ክፍሉ 36 ከሆነ፣ ላፕቶፑም በሥራ ላይ ሆኖ የራሱን ሙቀት ከጨመረበት፣ ያ ወሰን ሩቅ አይደለም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ይሞላል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አይሞላም፣ ማታ ደግሞ ይሞላል። እንዲህ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ባትሪው ራሱን እየጠበቀ ነው።

ዋናው ጥፋት ግን የአየሩ አይደለም። ፍራሽ ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን መከዳ ወይም ፍራሽ ላይ ማድረግ የድሬና የሐረር ሰው ልማድ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ፍራሹ ውስጥ ሲሰምጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፋኑ ይጮኻል፣ ሥሩ ያቃጥላል፣ ቻርጁም ይቆማል። ጫቱ ይቀጥል፣ ላፕቶፑ ግን ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ሰፋ ያለ ትሪ ወይም ጣውላ ይበቃል።

ለመሞከር ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ጥላ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ማራገቢያ ካለ ወደሱ አዙሩት። ከዚያ ጠፍቶ ሳለ ሰኩት። መሙላት ከጀመረ መልሱን አገኛችሁ። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገባ ሰው አለ፤ አታድርጉት። ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ያ ውኃ ቦርዱን ያበላሻል። ሁልጊዜ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ይሆናል። ካቻቢቴ ይዞ መክፈት የለመደ ሰው ያጽዳው።

ባጃጅ ፊት ለፊት ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው የመኪና ወንበር ላይም አትተዉት። ቻርጅ ባይደረግም፣ ጠፍቶ ቢሆንም ሙቀቱ ባትሪውን ያስረጀዋል። በተለይ ሙሉ ሆኖ የሚሞቅ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

5. ሴቲንጉ

60 ወይም 80 ላይ ደርሶ ይቆማል? ይህ በሽታ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሌኖቮ ላይ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» ይባላል፤ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው ያለው። ኤሱስ ላይ «ማይኤሱስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኤችፒ ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ ነው) «ባተሪ ሄልዝ ማኔጀር» የሚል አለው። ዴልም በባዮስ ውስጥ የቻርጅ አሠራር ምርጫ አለው። ማክቡክም 80 ላይ እየቆየ ይሞላል። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከፍቶት ይሆናል። ሁልጊዜ በመብራት የምትሠሩ ከሆነ ግን አትንኩት፤ በድሬ ሙቀት ለባትሪው ከዚህ የተሻለ ውለታ የለም። መንገድ ስትሄዱ ብቻ አጥፉት።

6. አጥፍቶ ማንቃት

አንዳንዴ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ቺፕ ይደነዝዛል። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ባትሪ ሳይገባ ቻርጀሩን ብቻ ሰኩና አብሩ። ከበራ አጥፉ፣ ባትሪውን መልሱ፣ እንደገና ሰኩ። ባትሪው ውስጥ የተደበቀ ከሆነ ቁልፉን ብቻ መያዝ በብዙዎቹ ላይ ይሠራል። አንዳንድ ቲንክፓድ ላይ ሥሩ ላይ ለዚሁ የተሠራች ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ በቀጭን ሽቦ ጫን ይደረጋል።

ካልሆነ ዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» ክፈቱ፣ «ባተሪስ» የሚለውን ዘርጉ፣ «ኤሲፒአይ» የሚል ቃል ያለበትን የባትሪ ስም አንኢንስቶል አድርጉና ሪስታርት። ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ብዙ አትጠብቁበት፣ ግን ነፃ ነው።

ወራት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ላፕቶፕ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባትሪው ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ቆልፎ ይሆናል። እያያችሁት ለጥቂት ሰዓት ሰክታችሁ ተዉት፤ አንዳንዱ ይነቃል። «በቀጥታ ሽቦ አንቅቼ እሰጥሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን እሺ አትበሉ።

7. ባትሪውን ራሱን መጠየቅ

አሁን የባትሪው ተራ ደረሰ። ዊንዶውስ ውስጥ «ሲኤምዲ» የሚባለውን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። «ፓወር» የሚለውን ቃል ከሲ፣ ከኤፍና ከጂ ጋር አያይዛችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። አንድ ክፍት ቦታ ተዉ። ስላሽ (/)። ከዚያ «ባተሪ» እና «ሪፖርት» የሚሉትን ቃላት ሳትለያዩ ጻፉና ኢንተር። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ክፈቱት።

ሁለት ቁጥር ፈልጉ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የሚይዘው። የመጀመሪያው 48,000 ሆኖ ሁለተኛው 20,000 ከሆነ ከግማሽ በታች ቀርቶታል፤ ያ ባትሪ መቀየር አለበት። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ግን ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ወደ ቻርጀሩና ወደ መሰኪያው ተመለሱ። «ሳይክል ካውንት» የሚለውም ይረዳል። ብዙ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ዙር ከሄደ በኋላ መድከሙ ያለ ነው፤ የቅርብ ዓመታት ማክቡክ እስከ 1,000 ይሄዳል። ሪፖርቱ ባትሪ ጨርሶ አላየሁም ካለ የባትሪው ገመድ ከቦርዱ ተላቅቆ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስን ካላመናችሁ ዴል ሲነሳ ኤፍ 2 ተጫኑ፤ ባዮሱ የባትሪውን ጤናና የቻርጀሩን ዋት ያሳያል። ኤችፒም በኤፍ 2 የራሱ መመርመሪያ አለው።

8. ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ

«አቦ፣ ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ።»
«ቻርጀሩስ?»
«ቤት ነው።»

ይህ ንግግር በየጥገና ቤቱ አለ። ቻርጀሩን ሳትይዙ አትሂዱ። ጠጋኙ በራሱ ቻርጀር ሞክሮ «ይሠራል» ይላችኋል፣ ቤት ስትገቡ አይሠራም። በጠራራ ፀሐይም አትልፉ፤ ቀን ብዙ ሱቅ ዘግቶ አመሻሽ ላይ ነው የሚከፍተው። ላፕቶፑም በዚያ ሰዓት ግሎ ስለሚደርስ ሙከራው ራሱ ያሳስታል።

ባትሪ መግዛት ግድ ከሆነ የላፕቶፑን ስም ብቻ ይዛችሁ አትግዙ። አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱና ያንኑ ፈልጉ። አንድ ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። 11.1 ቮልት የነበረውን በ14.8 አትተኩ። «አዲስ» የተባለው ባትሪም መደርደሪያ ላይ ሙቀት ሲመታው የከረመ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ሳይሠራም ያረጃል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስገጥሙ፣ ሪፖርቱን አውጡ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። የኮፒ ባትሪ ሪፖርት ሊዋሽ ስለሚችል ካልሠራ እስከ መቼ እንደሚቀየርላችሁ ተነጋገሩ፤ በደረሰኝ ላይ ቢጻፍ ይሻላል። ቤት ስትገቡ ሞልታችሁ ንቀሉና ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ በራሳችሁ ሰዓት ያዙ።

ቻርጀሩ ጤነኛ፣ መሰኪያው ጤነኛ፣ ሌላ ባትሪ ገብቶም አልሞላ ካለ ችግሩ ቦርዱ ላይ ነው። ያ ማይክሮስኮፕና የቦርድ ጥገና ልምድ ያለው ሰው ሥራ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ዋጋውንም ከመከፈቱ በፊት ተነጋገሩ።

አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም ደቻቱ ወንዝ ላይም አትጣሉት። ቆሻሻ ሲቃጠል ይፈነዳል። ብረት የሚነካካበትን ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ፣ ለቀየረላችሁ ጠጋኝ መልሱለት፤ እሱ ባይወስደውም ልጆች ከማይደርሱበት፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።